ዋልታና ማገሩ ሲቀር

ልጁ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። ከአባቱ ጋር ከወሎ ደጋ መጥቶ በአንድ የቆዳ ሕክምና ክፍል አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ግራ ጉንጩ ላይ ዙሪያው ያበጠ፣ መሀሉ ቅርፊት የያዘ፣ የሳንቲም ስፋት ያለው ቁስል አለ። አገሬው ቁንጭር ይለዋል። አባትየው ቁስሉ ዓመት ከመንፈቅ እንደሆነው ይናገራሉ። መጀመሪያ ነፍሳት የነከሰው መስሏቸው ተዉት፤ ኋላ ቅጠል ቀጥቅጠው አሰሩለት፤ ጠበልም ወሰዱት። ብዙም አያመውም፤ ግን ቀስ እያለ ይሰፋል። መንገድ የጀመሩት፣ የትምህርት ቤት ልጆች ስም አውጥተውለት ከክፍል መቅረት ሲጀምር ነው።

ሲስተሯ ከክፍሉ ጥግ የወተት ማመላለሻ የሚመስል የአሉሚኒየም ዕቃ ከፈተች። ነጭ ጉም ከአፉ እየተንከባለለ ወደ ወለሉ ወረደ። አባት ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

“ጢስ ነው እንዴ ሲስተር?”

“አይደለም አባቴ። የቤቱ እርጥበት ነው፤ ሲቀዘቅዝ እንዲህ ይታያል።”

ፈሳሹን የቡና ፔርሙስ በምታህል የብረት መርጫ ቀድታ ጫፉን ወደ ልጁ ጉንጭ አስጠጋች። ማስፈንጠሪያውን ስትጫነው “ትሽሽ” የሚል ድምፅ ወጣ፤ ቁስሉም ከመሀሉ ጀምሮ እየነጣ ሄደ። ንጣቱ ከቁስሉ ጠርዝ አልፎ ጤነኛው ቆዳ ላይ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ሲገባ አቆመች። ያ ቦታ እንደ ሻማ ሰም ደርቋል፤ በጣት ቢነካ ይቋቋማል።

“ያቃጥላል!” አለ ልጁ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ።

“አይዞህ ጎበዝ፤ አንዴ ይቀልጥና አንዴ እንደግመዋለን።”

ልጁ ልክ ነው። ያ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ የሚሆነው ናይትሮጅን ሲሆን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ውሃ መስሎ ይፈሳል። እኛ ቀዝቃዛ የምንለው ክፍል ለእሱ የጋለ ምጣድ ነውና ዕቃው ውስጥ ሆኖ እንኳ ሁልጊዜ ይፈላል፣ ሁልጊዜ ይተናል። ቆዳ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ስሜት ከእሳት አይለይም። ይህን በብርድ ማከም ሐኪሞች ክራዮሰርጀሪ ወይም ክራዮቴራፒ ይሉታል። ምላጭ የለውም፤ ለቆዳ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣም አይጠይቅም፤ ደምም አያፈስም።

ብርድ እንዴት ሕዋስ እንደሚገድል ማወቅ የቀረውን ሁሉ ለመረዳት ይበጃል። ቅዝቃዜው ዝግ ሲል በረዶው መጀመሪያ ከሕዋሶቹ ውጭ ይጋገራል። ያኔ ሕዋሱ ውሃው እየተመጠጠ ይኮማተራል፤ የቀረው ፈሳሽ ጨው ይበዛበትና ይመርዘዋል። ቅዝቃዜው ፈጣን ሲሆን ደግሞ በረዶው ራሱ ሕዋሱ ውስጥ ይሠራል፤ ሽፋኑንም ይበጣጥሰዋል። ጉዳቱ ግን በማቀዝቀዙ አያበቃም። በቀስታ ሲቀልጥ ጥቃቅኖቹ የበረዶ ቅንጣቶች ተያይዘው ይተልቃሉ፤ ውሃ ተመልሶ ይጎርፍና ሕዋሱን ያፈነዳዋል። በቀጣዮቹ ሰዓታት ቀጫጭን የደም ሥሮች በረጋ ደም ይደፈናሉ፤ ከበረዶው የተረፈው ሕዋስም በደም እጦት ይሞታል። ሐኪም “በፍጥነት አቀዝቅዝ፣ በቀስታ አቅልጥ፣ ድገም” የሚለው ለዚህ ነው።

ብርድ ግን ሁሉን እኩል አያጠፋም። በውሃ የተሞላው ሕያው ሕዋስ ሲሞት፣ ሕዋሶቹ የተደገፉበት የኮላጅን መረብ፣ ልምና የነርቭ ሽፋን ይቆማሉ። የጭቃ ቤት ያየ ሰው ይህ ይገባዋል፤ ጭቃው ረግፎ ዋልታና ማገሩ ከቀረ ቤቱ እንደገና ይመረጋል። እሳትና ምላጭ ማገሩን ጭምር ይወስዳሉ። ብርድ የሞተውን እዚያው ትቶ ሰውነት ራሱ ጠርጎ በነበረው ቅርጽ ላይ አዲስ እንዲመርግ ዕድል ይሰጠዋል። በልጁ አፍንጫ አጠገብ ምላጭ ከማስገባት ብርዱ የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ቁንጭር ትንሽ ልጨምር፤ የእኛው ጉዳይ ነውና። በሽታውን የሚያመጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ሌይሽማኒያ ኢትዮፒካ የሚል ስም የተሰጠው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። የሚኖረው በገደል አፋፍ፣ በዋሻና በቋጥኝ መሀል በሚርመሰመሰው ሽኮኮ ውስጥ ነው፤ ከሽኮኮው ወደ ሰው የምታሻግረው ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት። በጋሞ ኦቾሎ፣ በወሎ ኩታበርና በሰበታ አካባቢ ከጥንት ይታወቃል። ተሕዋሱ የሚደበቀው እሱን ሊያጠፉ በተላኩት ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ መሆኑ ክፋቱ ነው። ብርዱ መደበቂያውን ያፈርስበታል። አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ ቁስል ላለበት ሰው ፈሳሽ ናይትሮጅን ይበቃው ይሆናል፤ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይደገማል። አዲስ አበባ በሚገኘው አለርት ሆስፒታል ሲሠራበት ኖሯል። ፊትን ሙሉ ለወረሰ፣ አፍና አፍንጫ ውስጥ ለገባ ወይም በመላ ሰውነት ለተበተነ ቁንጭር ግን መርፌ ወይም የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል።

ሲስተሯ ሁለተኛውን ዙር ከመጀመሯ በፊት ወደ አባትየው ዞራ፣ “ሲድን ቦታው ሊነጣ ይችላል፤ ለምጽ እንዳይመስላችሁ” አለቻቸው። ይህን ስትል ቀኝ እጄን አየሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ሳለሁ በእጄ ጀርባ የወጣ ኪንታሮት በዚሁ ፈሳሽ ተቃጥሎልኛል። ኪንታሮቱ ጠፋ፤ በቦታው ግን ሽምብራ የምታህል ነጭ ነጥብ ቀረች። ያከመኝ ሰው ይህ ሊሆን እንደሚችል አልነገረኝም። ለወራት ለምጽ ጀመረኝ ብዬ እጄን ኪሴ ከትቼ ዞርኩ፤ ለእናቴም አልነገርኳት። ምክንያቱን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ለቆዳችን ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ከዜሮ በታች ከ4 እስከ 7 ዲግሪ ገና ሲደርሱ ይሞታሉ። ሌሎቹ የቆዳ ሕዋሳት እስከ 20 እና 30 ዲግሪ ይቋቋማሉ። ካንሰር ሲሆን ደግሞ ሐኪሙ ከዜሮ በታች 40 ወይም 50 ዲግሪ ድረስ መውረድ አለበት። ስለዚህ ለጥቁር ሰው ቆዳ ይህ ሕክምና የሚያስከፍለው ነገር ሊኖር ይችላል። ነገሩን አስቀድሞ የሚያስረዳ አንድ ዓረፍተ ነገር የሕክምናው አካል ነው ባይ ነኝ።

ይህ በብርድ የማከም ሥራ የተጀመረው በእንግሊዟ ብራይተን ከተማ ነው። ጄምስ አርኖት የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጨረሻና በ1850ዎቹ ጨው ከተፈጨ በረዶ ጋር እየቀላቀለ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ እያደረሰ፣ የጡትና የማህፀን በር ካንሰር በያዛቸው ሴቶች ቁስል ላይ ያስቀምጥ ነበር። አላዳናቸውም፤ ሕመማቸውን ግን አስታገሰላቸው፤ እብጠቱም ጎደል፣ ፈሳሹም ቀነስ ይል ነበር። ከዚያ በታች ለመውረድ አየርን ራሱን ፈሳሽ ማድረግ ይጠይቃል፤ እሱም የተሳካው በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ጄምስ ዴዋር የተባለ ሳይንቲስት በሁለት ግድግዳ መሀል አየር የሌለበት ብልቃጥ ሠራ። ዛሬ ቡና ይዘን ለቅሶ ቤት የምንሄድበት ፔርሙስ የዚያ ብልቃጥ ልጅ ነው፤ መጀመሪያ የተሠራው ግን እጅግ የቀዘቀዘውን ፈሳሽ ከክፍሉ ሙቀት ለመጠበቅ ነበር። በ1899 ካምቤል ዋይት የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም ፈሳሽ አየርን በጥጥ እየነከረ የቆዳ በሽታ አከመ። ፈሳሽ ናይትሮጅን በሐኪም እጅ የተለመደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው።

እስከዚያ ድረስ ብርዱ በአብዛኛው ከቆዳ አልፎ ወደ ውስጥ አልገባም ነበር። መንገዱ የተከፈተው በ1961 ነው። በኒውዮርክ የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ኧርቪንግ ኩፐር ከመሐንዲስ አርኖልድ ሊ ጋር ሆኖ ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚዘዋወርበት፣ ጫፉ ብቻ የሚቀዘቅዝ ቀጭን ዘንግ ሠራ። በፓርኪንሰን በሽታ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች ነበር። ዘንጉ በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ታላመስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ይደርሳል፤ ሕመምተኛው አልተኛም፣ ሐኪሙን እያየ ያወራል። ጫፉ በመጠኑ ሲቀዘቅዝ እዚያ ያሉት ሕዋሳት አይሞቱም፤ ሥራ ያቆማሉ እንጂ። እጁን አንሳ፣ ጣትህን አፍንጫህ ላይ አድርግ፣ ስምህን ንገረኝ ይባላል። መንቀጥቀጡ ካቆመ፣ አንደበቱም ካልተሳሰረ ብርዱ ወደ ታች ይወርድና ቦታው ለዘለቄታው ይሞታል። ምላሱ ከተሳሰረ ወይም ክንዱ ከዛለ ግን ሐኪሙ መልሶ ያሞቀዋል፤ የደነዘዘው አንጎል ወደ ሥራው ይመለሳል። ምላጭ የቆረጠውን አይመልስም። ከብርድ ጠባዮች ሁሉ እኔን እጅግ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ከማድረግ በፊት መጠየቅ መቻሉ።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት ሲመጣ የኩፐር ቀዶ ሕክምና ገለል አለ። ያ ጠባይ ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ልብ ላይ ተመለሰ። የልብን ምት የሚያሳልፈው ዋናው የኤሌክትሪክ ማገናኛ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ከአጠገቡ ትርፍ መስመር ኖሮባት ልቧ በድንገት የሚሮጥባት ልጅ ስትመጣ፣ ሐኪሙ ያን ትርፍ መስመር ማጥፋት አለበት፤ ዋናውን ከነካ ግን ልጅቱ ዕድሜ ልኳን በልብ ማሽን ልትኖር ነው። በሙቀት ሲቃጠል የሳተ እጅ መመለሻ የለውም። ስለዚህ በደም ሥር ገብቶ ልብ የደረሰው ቱቦ ጫፍ መጀመሪያ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ አካባቢ ይደረጋል፤ ሐኪሙ ስክሪኑን እያየ ይጠብቃል፤ ዋናው መስመር ካልተናወጠ ወደ 70 ዲግሪ ያወርደዋል፤ ከተናወጠ ያቆማል። ጫፉ ሲቀዘቅዝ ከልቡ ሥጋ ጋር ስለሚጣበቅ ልብ እየመታ እንኳ አይንሸራተትም። ለአዋቂዎች የልብ ምት መዛባት ደግሞ፣ ከሳንባ ወደ ልብ በሚገቡት የደም ሥሮች አፍ ላይ ተነፍቶ ዙሪያውን በአንድ ጊዜ የሚያቀዘቅዝ ፊኛ አለ። አሜሪካ በ2010 ፈቅዳዋለች።

ያ መጣበቅ በዓይን ሕክምናም የራሱ ዘመን ነበረው። በደጋ ጠዋት እርጥብ እጁን የብረት በር ላይ ያሳረፈ ሰው ምን እንደሆነ ያውቃል። በዚያው በ1961 የፖላንዷ ሉብሊን ከተማ ሐኪም ታዴዎሽ ክርቫቪች የቀዘቀዘ ዘንግ ሞራ የሸፈነው የዓይን ሌንስ ላይ አሳርፎ፣ አጣብቆ፣ ሳይፈርስ ሙሉውን አወጣው። በፊት በመቆንጠጫ ሲያዝ እየተቀደደ ያስቸግር ነበር። ዛሬ የዓይን ሞራ በድምፅ ሞገድ ተፈጭቶ ወይም በትንሽ ስፌት አልባ ቀዳዳ ይወጣል፤ የክርቫቪች ዘንግ ታሪክ ሆኗል። የተቀደደ ሬቲናን በቦታው ለማያያዝ ግን ብርድ እስካሁን ይሠራል፤ ከዓይኑ ውጭ ተደርጎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ የሚፈጥረው ጠባሳም ሬቲናውን እንደ ሙጫ ይይዘዋል።

ኩላሊት፣ ጉበትና ፕሮስቴት ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ቀጫጭን መርፌዎች በቆዳ በኩል ወደ ዕጢው ይገባሉ፤ ታፍኖ የነበረ አርጎን ጋዝ ጫፋቸው ላይ በድንገት ሲለቀቅ ቅዝቃዜ ይፈጥራል፤ ሂሊየም ሲለቀቅ ደግሞ ይሞቃል። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን የበረዶ ኳሱ ሲያድግ በዓይኑ ያያል። የሚያሳስት ነገር ግን አለ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የኳሱ ጠርዝ ዜሮ ዲግሪ ነው፤ ዜሮ ዲግሪ ካንሰር አይገድልም። ገዳዩ ቅዝቃዜ ከጠርዙ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ነው። ስለዚህ በረዶው ዕጢውን አልፎ ጤነኛው አካል ውስጥ መግባት አለበት። ሲስተሯ በልጁ ጉንጭ ላይ ያደረገችውም ይህንኑ ነው፤ እሷ በዓይኗ ለካችው እንጂ።

ስለ ዋልታና ማገር ከተነሳ ግን የጃፓኗ ካናዛዋ ከተማ ሥራ አይታለፍም። ፕሮፌሰር ሂሮዩኪ ሱቺያና ባልደረቦቻቸው የአጥንት ካንሰር የያዘው ወጣት ሲመጣ የታመመውን አጥንት ከሰውነቱ ያወጡታል፤ ሥጋውን ይጠርጉና ለ20 ደቂቃ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይነክሩታል፤ ከዚያ 15 ደቂቃ በክፍሉ ሙቀት፣ 15 ደቂቃ በተጣራ ውሃ። ካንሰሩ ሞቷል፤ የአጥንቱ ቅርጽ አለ። መልሰው በዚያው ልጅ እግር ውስጥ በብረት ያስሩታል። የሰው አጥንት ከሬሳ ለመውሰድ ባህል በማይፈቅድበት አገር የገዛ አጥንቱን መልሶ መስጠት ትልቅ ነገር ነው። ነርቭም እንደዚሁ ነው። ደረት ከተከፈተ በኋላ የሚያሰቃየውን ሕመም ለማስታገስ በጎድን አጥንት ሥር የሚያልፈው ነርቭ ይቀዘቅዛል፤ ውስጡ ይሞታል፣ ሽፋኑ ይቀራል፤ ነርቩ በዚያ ቱቦ ውስጥ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል እያደገ ከወራት በኋላ ይመለሳል።

ሁሉም አልተሳካም። በአማርኛ ኪንታሮት የምንለው ሁለት የማይዛመዱ ነገሮችን ነው፤ በቫይረስ የሚመጣውን የቆዳውንና የፊንጢጣውን። ብርድ የመጀመሪያውን ሲያጠፋ ኖሯል። ሁለተኛውን ለማከም በ1970ዎቹ ብዙ ተሞክሮ፣ ለሳምንታት የሚፈሰው ሽታ ያለው ፈሳሽና ሕመሙ ሰውን ስላስመረረ ተትቷል።

አሁን ወደ ማህፀን በር ልምጣ፤ ብርድ በአገራችን ብዙ ሴቶችን የነካው በዚያ ነውና። የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚገኝ ነው። በድንገት አይመጣም፤ በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ከገባ በኋላ ቅድመ ካንሰር የሆነው ለውጥ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል፤ ኤችአይቪ ላለባትና ሕክምና ላልጀመረች ሴት ያጥራል። ያ ሁሉ ጊዜ የመያዣ ጊዜ ነው። ሲስተሯ ወይም አዋላጇ አቼቶ ውስጥ ባለው አሲድ የተነከረ ጥጥ በማህፀን በር ላይ ታሳርፋለች፤ አንድ ደቂቃ ትጠብቃለች፤ የተለወጠው ቦታ ነጥቶ ይታያል። ካንሰር ካልመሰላት፣ ቦታውም የማቀዝቀዣው ዘንግ ጫፍ ሊሸፍነው የሚችል ከሆነ፣ ሴትየዋ ከአልጋው ሳትወርድ ዘንጉ ይደረጋል። ሦስት ደቂቃ ይቀዘቅዛል፤ አምስት ደቂቃ ይቀልጣል፤ ሦስት ደቂቃ ይደገማል። እንደ ወር አበባ ያለ ቁርጠት ሊሰማት ይችላል። ከዚያ ለአራት ሳምንት ያህል ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይወርዳታል፤ በእነዚያ ሳምንታት ከባሏ መለየት አለባት።

አሥራ አንድ ደቂቃ ማለት ነው። በገጠር የምትኖር እናት ዛሬ ተመርምራ “ውጤትሽን ከወር በኋላ ነይና ውሰጂ” ብትባል ብዙ ጊዜ አትመለስም፤ የትራንስፖርቱ፣ የልጆቹ፣ የማሳው ነገር አለ። አይቶ እዚያው ማከም የሚለው አሠራር የተነደፈው ለእሷ ነው። የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ማደንዘዣ ሰጪ፣ መብራት እንኳ ሳይኖር በነርስ እጅ የሚሠራ ሕክምና ብርቅ ነው።

ይሁንና ብርዱ በሲሊንደር ነው የሚመጣው። ለዚህ ሕክምና የሚውለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ ከባድ ሲሊንደር ነው፣ በመኪና ይጫናል፣ ሲያልቅ ከተማ ተመልሶ ይሞላል። ግፊቱ ሲያንስ ዘንጉ በበቂ አይቀዘቅዝም፤ ጋዙ ንጹሕ ካልሆነ ቀጭኑ ቧንቧ ይደፈናል። መሣሪያው ኖሮ፣ የሠለጠነች ሲስተር ኖራ፣ ጋዝ በማለቁ ብቻ “ሌላ ቀን ነይ” የተባለች ሴት ታሪክ ከአንድ ጤና ጣቢያ በላይ ሰምቻለሁ። እንዲህ ሲሆን ያ አይቶ እዚያው ማከም የተባለው ሁሉ ይፈርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሙቀት የሚሠራውን አማራጭ በይፋ መከረ፤ በባትሪ የሚሠራ፣ በእጅ የሚያዝ፣ ጫፉ 100 ዲግሪ ሞቆ በአንድ ደቂቃ አካባቢ የሚጨርስ ነው። አገራችንም ወደዚያ እየሄደች ነው። እኔም ይህን እደግፋለሁ፤ በሲሊንደር ምክንያት አንዲት እናት ከምትመለስ ብርዱ ለሙቀት ቦታ ቢለቅ ይሻላል። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው፣ ያን ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት ደግሞ ሁለቱም የማያስፈልጉበት ቀን እንዲመጣ ተስፋ ይሰጣል።

ፈሳሽ ናይትሮጅኑ በአገራችን ከሐኪሙ ይልቅ የሚታወቀው በገበሬው ነው። ቃሊቲ ያለው የእንስሳት ማዳቀያ ማዕከል ናይትሮጅን እያመረተ የኮርማ አባላዘር በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ያኖራል፤ አዳቃይ ቴክኒሻኖች በሞተር ሳይክል ጭነው ወደ ላም ባለቤቱ ደጅ ያደርሱታል። በ196 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ሕይወት እንዴት ይቆያል? ምስጢሩ የተገኘው በ1949 እንግሊዝ ውስጥ ነው፤ ፖልጅ፣ ስሚዝና ፓርክስ የተባሉ ተመራማሪዎች ግሊሰሮል የተጨመረበት አባላዘር በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ እንደሚነቃ አዩ። ግሊሰሮሉ የበረዶውን ቅንጣት ከሕዋሱ ይከለክላል። ሐኪሙ የሚያደርገው የዚህን ግልባጭ ነው፤ ቅንጣቱ እንዲሠራ፣ እንዲተልቅ፣ እንዲሰብር ይፈልጋል። ፈሳሹ አንድ ነው።

ሁለተኛው ዙር አልቋል። የልጁ ጉንጭ እየቀለጠ ቀልቷል፤ ማታ ውሃ ይቋጥር ይሆናል። ሲስተሯ ፋሻ እያሰረችለት “እንዳትነካው፤ ውሃው ቢፈነዳ በንጹሕ ውሃ እጠበው” አለችው። አባትየው ስንት ጊዜ መመላለስ እንዳለባቸው ጠየቁ። አራት አምስት ጊዜ ሊሆን እንደሚችል ነገረቻቸው። ዝም አሉ፤ የመኪናውን ገንዘብ በልባቸው ሲያሰሉ ያስታውቃሉ።

“ስንመጣ ይኸ ነገር ይኖራል?” አሉ ወደ አሉሚኒየሙ ዕቃ በአገጫቸው እያሳዩ።

ሲስተሯ አልመለሰችላቸውም። ከመደርደሪያው ረጅም የፕላስቲክ ማስመሪያ አንስታ በዕቃው አፍ እስከ ታች አወረደችው፤ ትንሽ ቆይታ አወጣችና በአየር ላይ አወዛወዘችው። ፈሳሹ የደረሰበት ድረስ ነጭ ውርጭ ወጣበት። ከታች ጀምራ በጣቷ ቆጠረች፤ አሥራ አንድ ሴንቲሜትር። ተጠቀሙበትም አልተጠቀሙበትም በየቀኑ ይጎድላል። ቀን መቁጠሪያውን አየት አድርጋ፣ “በአሥራ አምስት ቀን ሳይሆን በአሥር ቀን ኑ አባቴ” አለቻቸውና ካርዱ ላይ ጻፈችው።